ከስቱኮው በፊት ላሜራው ይታይ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተማችን በአዳማ የድሮ አውቶሞቢል አሳድሶ እንደገና ለመንገድ የሚያበቃው ሰው ቁጥር በዓይን በሚታይ ሁኔታ ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ በመጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመው ቮልስዋገን፣ ፔጆ 404 ወይም ፊያት በባለቤቱ ዘንድ አዲስ ዋጋ አግኝቷል። ለሠርግ የሚፈልጋቸውም ሰው ጥቂት አይደለም። አልፎ አልፎም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተሠርተው መስል ካር በሚል ስም ከታወቁት፣ ትልቅ ሞተር ከተሸከሙት ባለ ሁለት በር አውቶሞቢሎች አንዱ ወደ ጋራዥ ብቅ ይላል።

እኔ በዚህች ከተማ በመኪና ቦዲና ቀለም ሥራ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በየጋራዡ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ ነው። ባለቤቱ መኪናውን አስረክቦ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚያየውም ተቀብቶና ተወልውሎ ሲያበራ ነው። አሮጌው ቀለም ተፍቆ ላሜራው ራቁቱን የሚቆምበትን ቀን አያየውም፤ እንዲያይም የሚጠራው የለም። የሥራው ዕድሜ አምስት ወር ይሁን ሃያ ዓመት የሚወሰነው ግን በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጋራዥ ስቱኮ፣ ማለትም የላሜራ ስርጉድ መሙያውን ልጥፍ፣ ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱን ጠርቶ ላሜራውን እንዲያሳይ፣ ባለቤቱም ሥራውን ትቶ መጥቶ እንዲያይ፣ ይህም በከተማችን ደንብ ሆኖ እንዲለመድ እጠይቃለሁ።

በቅርቡ እጄ የገባ አንድ ፎርድ መስታንግ ነገሩን በሚገባ ያስረዳል። መኪናው ከሩቅ ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ ቀዩ ቀለም ፊት ያሳያል፣ ክሮሙም ተነክሮ አዲስ ሆኗል። ባለቤቱ ወደ እኔ የመጣው ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ጠርዝ ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ እብጠቶች ስላየ ነበር። በጨርቅ የጠቀለልኳትን ትንሽ ማግኔት በበሩ ላይ ሳንሸራትታት ጥብቅ ብላ ትይዛለች፤ ከጎማው በላይ ስትደርስ ግን ትወድቃለች። ስቱኮ ብረት ስላልሆነ ማግኔት አይስበውም፤ ሲወፍርም ማግኔቷ ከሥሩ ላለው ላሜራ አትደርስም። በመሮ እየነቀልን ስናነሣው ውፍረቱ አውራ ጣት ያህል ሆኖ ተገኘ። የተበላው ላሜራ አልተቆረጠም፣ አልተበየደምም፤ ቀዳዳው ውስጥ የወንበር ስፖንጅ ተጠቅጥቆ በላዩ ላይ ስቱኮ ተመርጎበታል። ስፖንጁ ከጎማው የሚፈናጠረውን ውሃ እየጠጣ እርጥበቱን ይዞ በመቆየቱ፣ በዙሪያው ያለው ላሜራ ሁሉ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኗል። ይህን የሠራው ጋራዥ ማን እንደሆነ መጥቀስ አልፈልግም፤ ልማዱ የአንድ ጋራዥ ብቻ አይደለምና። ባለቤቱ ግን ያን ቀዳዳ ገና ሳይሸፈን አይቶት ቢሆን ኖሮ በስፖንጅ እንዲደፈን በፍጹም አይፈቅድም ነበር።

አንዳንድ ሰው ዝገት የመልክ ጉድለት ብቻ ይመስለዋል። መስታንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 17 ቀን 1964 ለሕዝብ ከቀረበ ጊዜ ጀምሮ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻሲ ኖሮት አያውቅም፤ ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር ያሉት ደፎችና የጎን ላሜራዎቹ አንድ ላይ ተበይደው መኪናውን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ደፉ በዝገት ተበልቶ በስቱኮ የተሸፈነ መስታንግ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚጠብቀውን አካል አጥቷል ማለት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ በተለይ መታየት ያለበት ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ሣጥን ነው፤ ቅጠልና አቧራ እዚያ ተከማችቶ እርጥበት ይይዛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል፣ ዝናብ ሲዘንብም ውሃው በተሳፋሪው እግር ላይ ይወርዳል። ከውጭ አይታይም፤ በጣት እየዳበሱ፣ ውሃ እያፈሰሱ መፈተን ያስፈልጋል።

ለቮልስዋገን ደግሞ ሌላ ቦታ አለ። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል በመሆኑ፣ ከባትሪው የሚተንና የሚንጠባጠብ አሲድ ለዓመታት ወለሉን ሲበላ ይኖራል። ወንበሩን አንሥቶ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ መታ መታ ማድረግ በቂ ነው፤ ደህና ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ይደነግዛል፣ አንዳንዴም መፍቻው ዘልቆ ይገባል። ፓራፋንጎዎቹ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚከልሉት ላሜራዎች፣ በቡሎን የሚፈቱ ስለሆኑ ሳይፈቱ መቀባት ምንም ሰበብ የለውም። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የምትገባዋን ቀጭን ማሰሪያ ጎማ ከነቦታዋ ቀለም ቀብቶ ማለፍ በየመንገዱ የምናየው ነገር ነው፤ ዝገቱ የሚጀምረው ግን ከእርሷ ኋላ ነው። የመኪናዋ ሠሪዎች ክፍሉን እንዲፈታ አድርገው ሲሠሩት፣ እኛ ቡሎን ለመፍታት ሰንፈን ከላይ የምንቀባ ከሆነ ሥራውን አላከበርነውም።

የዝገቱ ጠባይ ራሱ መቸኮልን አይፈቅድም። ብረት ከውሃና ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ዝገት ሲሆን ከቀድሞው የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከቀለም ሥር የቀረች የመርፌ ጫፍ የምታህል ዝገት እያበጠች ቀለሙን ወደ ላይ ትገፋዋለች። አንቲረስት የተባለው ቀለም በዝገት ላይ ተቀብቶ ዝገትን ያጠፋል ብሎ ማመን ከንቱ ነው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ፣ በግራይንደር ወይም በአሸዋ ንፊት (አሸዋ በአየር ግፊት በመርጨት) እስከሚያበራው ብረት ድረስ መጽዳት አለበት፤ የተበሳው ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ መበየድ አለበት። አሸዋ ንፊት ለደፍና ለወለል መልካም ነው፤ እንደ ኮፈንና ጣሪያ ላሉ ሰፋፊ ሜዳ ላሜራዎች ግን በከፍተኛ ግፊት ከተጠቀሙበት ላሜራውን ያጥፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ማቃናቱ ራሱን የቻለ መከራ ነው።

ስቱኮን አልነቅፍም። ስቱኮ በመዶሻ የተቃና ላሜራ ላይ የቀረውን ስስ ስርጉድ ለመሙላት የተሠራ ነገር ነው፤ ተፍቆ ካለቀ በኋላ ከሦስት ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ማድረቂያው ከክብደቱ ሁለት በመቶ ገደማ ነው የሚጨመረው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማድረቂያ ማብዛት በላዩ የሚመጣውን ቀለም ያበላሸዋል፣ ማሳነስ ደግሞ ከሥር ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ስቱኮ በውሃ አይፈተግም። ቀዳዳዎቹ በዓይን የማይታዩ ቢሆኑም ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ውሃ ይዞ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) ሲቀባበት እርጥበቱ ላሜራው ላይ ይታሰራል። አቧራው እንዳይበዛ ብለው ስቱኮን በውሃ የሚፈትጉ ወጣቶችን በየጋራዡ አያለሁ፤ ያስተማራቸው ሰው እንዲሁ ያደርግ ስለነበር ነው። በውሃ መፈተግ የሚቻለው ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ነው።

የላሜራው ገጽ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ እጅ ብቻ አይበቃም። ፕራይመሩ ላይ ጥቁር ቀለም በስሱ ይነፋና በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት በአግድም በመስቀለኛ ይፋቃል። ከፍ ያለው ቦታ ጥቁሩ ቶሎ ይለቃል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ስርጉዱ ራሱን ያጋልጣል ማለት ነው። የመስል ካሮቹ ጎኖች ረጃጅምና ሜዳ፣ ጠርዞቻቸውም የሰሉ በመሆናቸው ይህ ሥራ በእነርሱ ላይ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ የብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ብቻ ይዞ ያሻሸው ሰው በጠቆረ ቀለም ላይ ሞገዱን ሁሉ ያየዋል። ከሻካራው 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 320፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ወደ 400 ወይም 600 መሄድ እንጂ ደረጃ መዝለል የለም፤ የተዘለለችው ጭረት ቀለሙ ሲደርቅ ብቅ ትላለች።

የድሮ መኪና ላይ ያለውን አሮጌ ቀለም ማወቅም ያስፈልጋል። የጄኔራል ሞተርስ አውቶሞቢሎች በዚያ ዘመን የሚቀቡት በአክሪሊክ ላከር ነበር፤ ፎርድና ክራይስለር ደግሞ በምድጃ የሚጋገር ኢናሜል ይጠቀሙ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ከዚያ በኋላ በየጊዜው የተደራረበው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ጨርቅ በቲነር አርሶ ለጥቂት ጊዜ ቀለሙ ላይ መጫን ይበቃል፤ ቀለሙ ቀልጦ ጨርቁን ካቀለመው ወይም ከተሸበሸበ በላዩ ላይ የሚመጣውን ኃይለኛ ቀለም አይሸከምም፣ እስከ ብረቱ መውረድ አለበት። ራቁቱን የቀረው ብረት ደግሞ ማደር የለበትም። የላብ እጅ የነካው ቦታ በማግሥቱ ቡናማ አሻራ ይዞ ይገኛል፤ በዚያው ቀን በማጽጃ ተወልውሎ ኢፖክሲ ፕራይመር መልበስ አለበት። ለዚህ ውልወላ ቤንዚን የሚጠቀሙ አሉ፤ ቤንዚን ቅባት ትቶ ያልፋል፣ ቀለሙም በዚያ ቦታ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል።

አሁን ወደ አዳማ ልምጣ። ከተማችን ነፋሻ መሆኗን በአካባቢዋ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ፤ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ የሚነሣው አቧራ ገና ባልደረቀ ቀለም ላይ ሲያርፍ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ብዙዎቻችን የተዘጋና አየር የሚያጣራ የቀለም ክፍል የለንም፤ ቢሆንም ማድረግ የምንችለው አለ። ዙሪያውን በሸራ መጋረድ፣ ወለሉን ውሃ መርጨት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ማለዳ መቀባት ለማንም አይከብድም። በቀትር ሙቀት ቶሎ በሚደርቅ ቲነር የሚነፋ ቀለም ላሜራው ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ እየደረቀ ሻካራ ሆኖ ስለሚያርፍ፣ ለሙቀት የሚስማማውን ዝግ ብሎ የሚደርቅ ቲነር መግዛት ይገባል። በክረምት ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በየቀኑ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ከቀለሙ ጋር እየተረጨ ይወጣል። በአንዱና በሚቀጥለው ንፊት መካከል አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መታገሥም ግድ ነው። ካልሆነ ከሥር የታፈነው ቲነር በኋላ ላይ ሲወጣ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ብስ ይተዋል።

ትዕግሥት የሚጠፋው በበዓል ሰሞን ነው። ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለወንድም ሠርግ እንዲደርስ ተብሎ መኪናው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ይመጣል፤ ባለቤቱም በየቀኑ ይደውላል። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ጋራዡ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ዝገቱን ቆርጬ ልበይድ፣ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል ያለውን ባለሙያ ትቶ፣ በግማሽ ዋጋ በአንድ ሳምንት አደርሳለሁ ያለውን የሚመርጠው ደንበኛው ራሱ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያ ደንበኛ ክረምቱ ሲያልፍ ያው መኪና ላይ ሁለተኛ ገንዘብ ያወጣል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ አሮጌውን ስቱኮ መንቀሉም ተጨማሪ ሥራ ነው። ላሜራውን ቀድሞ ያየ ባለቤት ግን ለምን ጊዜ እንደሚጠየቅ በዓይኑ ስለሚረዳ በዋጋ አይጨቃጨቅም። ይህን በተግባር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ስለ ሠራተኞቹ ጤና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸውና። በድሮ መኪኖች ቀለም ውስጥ፣ በተለይ በቢጫው፣ በብርቱካናማውና በቀዩ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኛል። ያንን ቀለም በደረቁ በማሽን እየፈተጉ አቧራውን መተንፈስ፣ በዚያው ልብስ ቤት ገብቶ ሕፃን ማቀፍም መርዙን ወደ ቤት ማስገባት ነው። አሮጌው ቀለም በውሃ እየረጠበ ይፈተግ፤ ስቱኮው ግን በደረቁ ይፈተግ፣ የሚፈትገውም ሰው አፍንጫው በደህና ጭምብል ይሸፈን። ከዚህ የባሰው ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበት፣ ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቀው ማንጸባረቂያ ክሊር ነው። በማድረቂያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ አስም የጀመረው ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱ እንኳ ሲሸተው ሊታፈን ይችላል፣ ሙያውንም ለመተው ይገደዳል። አፍ ላይ የሚታሰር ሻሽና የሐኪም ቤት ጭምብል ይህን አይከላከልም። ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣትም አይከላከልም፤ ወተት ወደ ሆድ ይገባል እንጂ ሳንባን አያጥብም። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ነው፤ እርሱ በማይገኝበት ቦታ ቢያንስ የኬሚካል ማጣሪያ ያለውና ማጣሪያው በጊዜው የሚቀየር ጭምብል፣ ከጓንትና ከመነጽር ጋር መኖር አለበት። እጅን በቲነር መታጠብ ይቅር። ቀለም በሚነፋበት ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትም ይቅር፤ የቲነር ትነት እሳት ለመያዝ አንዲት ፍንጣሪ ይበቃዋል።

የምጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ጋራዡ መኪናውን ሲረከብ በሚጽፈው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ላሜራው ተጸድቶ ባለቤቱ ሳያየውና ሳይፈርም ስቱኮ አይለጠፍም የሚል። ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ የእያንዳንዱ ደፍ፣ ወለልና የጎማ በላይ ፎቶ በስልኩ ይላክለት። የተበየደው ቦታም ከመሸፈኑ በፊት እንዲሁ ፎቶ ይነሣ፤ መኪናው ወደፊት ቢሸጥ ገዢው የሚያምነው ይህን ፎቶ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራትን የሚያደራጁ የከተማችን ጽሕፈት ቤቶች በቦዲና ቀለም ሥራ ለተደራጁት የኮምፕሬሰር የውሃ ማጣሪያና ደህና ጭምብል ከመነሻ ዕቃዎቻቸው ጋር እንዲያሟሉ ቢያስገድዱ መልካም ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ሰልጣኙን በቀለም መርጫ አያያዝ ብቻ ሳይሆን በማግኔት፣ በጠመንጃ መፍቻና በጥቁሩ ስስ ቀለም ላሜራ መርምሮ ጉድለቱን በጽሑፍ ማስፈር ይችል እንደሆነ ይፈትኑት።

በበኩሌ ከላይ የጠቀስኩትን መስታንግ የተበላ ላሜራ ቆርጬ ያወጣሁትን ቁራጭ፣ ስቱኮውም ስፖንጁም እንዳለበት፣ አስቀምጬዋለሁ። በአዳማ የሚገኝ ማንኛውም ማሠልጠኛ ለሰልጣኞቹ ለማሳየት ቢፈልገው ይዤ ለመምጣትና አሠራሩን በተግባር ለማስረዳት ፈቃደኛ ነኝ። ለቅዳሜ ከሰዓት ቢሆንልኝ እመርጣለሁ፤ በሌላ ቀን ቢፈለግም አልቀርም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ቦዲና ቀለም ባለሙያ
ከአዳማ